የጓያው መርዝና የቁሌቱ ሽንኩርት



ሰሞኑን በውስጥ መስመር ከምትልኩልኝ ጥያቄዎች አንዱ ተደጋገመብኝ። «ዶክተር፣ ፖሊፊኖል ያለው እንክብል ከሰውነት ውስጥ መርዝ ጠርጎ ያወጣል እያሉ ይሸጣሉ፤ ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ?» የሚል ነው። «ይቅርባችሁ» ብዬ በአንድ ቃል ማለፍ እችል ነበር። ግን ከዕፅዋት የሚገኝ ነገር ከመርዝ ይከላከላል ወይ የሚለው ጉዳይ በእኛው አገር፣ በእኛው ማጀት፣ በሰው እግር የተፈተነ ጉዳይ ነው። መርዙ የመጣው ከጓያ ነበር። ስለዚህ ዛሬ ታሪኩን ልንገራችሁ። ረዘም ስለሚል ቡና እየጠጣችሁ አንብቡት። (ዓመቱን «ዓ.ም.» ስል በእኛ አቆጣጠር፣ «እ.ኤ.አ.» ስል በፈረንጆቹ ነው።)

ከጎንደር ከተማ ተነስታችሁ ወደ ጣና ስትወርዱ የደምቢያ ሜዳ ይዘረጋል። አፈሩ ዋልካ ነው። ክረምት ውኃ ያቁራል፤ በጋ ሲሆን ደግሞ እግር እስኪያስገባ ይሰነጠቃል። መስከረም ጠብቶ ውኃው ሲሸሽ ገበሬው በቀረችው እርጥበት ላይ ጓያ ይዘራል። ጓያ ማዳበሪያ አይጠይቅም፤ እርሻውም እንደ ጤፍ አይደጋገምለትም። ውኃ ቢተኛበት ይችላል፣ ዝናብ ቢቀርበትም ይችላል። ከክብደቱ ሩብ ያህሉ ወይም ከዚያ በላይ ፕሮቲን ነው። ከጣና በስተምሥራቅ ያለው ፎገራም እንዲሁ የጓያ አገር ነው። ወደ ላይ፣ ወደ ወገራና ወደ ዳባት፣ ከዚያም ወደ ደባርቅ ስትወጡ ምድሩ የገብስና የባቄላ ይሆናል።

በደኅና ዘመን ጓያ ማንንም አይጎዳም። ከሽምብራና ከአተር ጋር ተቀላቅሎ ሽሮ ይሆናል፤ ጓያ የገባበት ሽሮ ወፈር ይላል፣ ይጣፍጣልም የሚሉ እናቶች ብዙ ናቸው። ቆሎ ይሆናል፣ ንፍሮ ይሆናል፣ ቂጣ ይጋገራል፤ እረኛው ደግሞ ማሳ ውስጥ እሸቱን ይፈለፍላል። ችግሩ የሚመጣው ጓያ ብቻ ሲቀር ነው። ዝናብ ቀርቶ ጤፉና ገብሱ ሲጠፋ ማሳ ላይ ቆሞ የሚታየው እሱ ብቻ ነው። ሰው ታዲያ ምን ይብላ? ለቁርስም ለምሳም ለራትም ጓያ ይሆናል። እንዲህ ሁለት ሦስት ወር ሲዘልቅ፣ አንድ ጠዋት ወይም ከከባድ ሥራ መልስ፣ ጎረምሳው እግሩ ይከብደዋል። ባቱን ይቆረጥመዋል፣ ጉልበቱ ይንቀጠቀጣል። በቀናት ውስጥ እግሩ ይገተራል፤ ተረከዙ መሬት አይነካም፣ ሲራመድ ጉልበቶቹ እንደ መቀስ ይጠላለፋሉ።

በተማሪነቴ ለገጠር ልምምድ ወጥተን ሳለ አንድ እንዲህ ያሉ ሰው አይቻለሁ። በዱላ ተደግፈው የገቡት ለሳል ነበር። ስለ እግራቸው ማንም አልጠየቃቸውም፤ እሳቸውም አላነሱትም። «አባባ፣ እግርዎን ምን ሆነው ነው?» ስላቸው «እሱ የድሮ ነው ልጄ፣ ጓያ ሰብሮኝ ነው» አሉኝ፤ ልክ «ፈረስ ጥሎኝ ነው» እንደሚባለው። አእምሯቸው ንጹሕ ነው፣ እጃቸው ይሠራል፣ እግራቸውን ስነካው በደንብ ይሰማቸዋል። የጓያ በሽታ እንዲህ ነው። እየባሰ አይሄድም፤ ግን አይመለስም። ዕድሜም አያሳጥርም። በ20 ዓመቱ የተሰበረ ሰው 50 ዓመት ሙሉ ተሰብሮ ይኖራል። ሐኪሞች ደረጃውን የሚለኩት በዱላ ነው፦ ያለ ዱላ የሚሄድ፣ በአንድ ዱላ የሚሄድ፣ በሁለት ዱላ የሚሄድ፣ በመጨረሻም መሬት ለመሬት የሚድህ። በብዛት የሚያጠቃው ደግሞ የቤቱን ሞፈርና ቀንበር የሚሸከመውን ወጣት ወንድ ነው።

የገጠሩ ሰው ጓያ እንደሚሰብር ከማንኛውም ሐኪም ቀድሞ ያውቃል። እንዴት እንደሚሰብር ግን የራሱ ማብራሪያ አለው። ጓያ ሲቀቀል የሚወጣው እንፋሎት ነው የሚይዘው የሚሉ አሉ፤ በጓያ ማሳ ውስጥ ማለፍ ነው፣ ጭዱ ላይ መተኛት ነው የሚሉም አሉ። እንፋሎቱ አይሰብርም፣ ማሳውም አይሰብርም። ሆኖም ይህን እምነት ሰምቶ መሳቅ አይገባም ባይ ነኝ። በጓያ ማሳ ውስጥ የሚውለው ማነው? እረኛውና አራሹ ወጣት ነው። ማሳ ውስጥ የዋለ ደግሞ እሸት ይበላል፣ ኪሱ ውስጥም ቆሎ አለ። ሰው ያየው እውነት ነው፤ ምክንያቱ ላይ ነው የሳተው። ይህን ነገር ያዙልኝ፣ ወደ ኋላ ላይ እመለስበታለሁ።

ጓያ የሰበረው የእኛን ሰው ብቻ አይደለም። በጀርመን የቩርተምበርግ መስፍን በ1671 እ.ኤ.አ. የጓያ ዱቄት ዳቦ ውስጥ እንዳይገባ ከልክሏል። በ1811 እና በ1812 እ.ኤ.አ. ማድሪድ በናፖሊዮን ጦርነት ስትራብ ሕዝቡ ጓያ በላ፤ ታላቁ ሠዓሊ ፍራንሲስኮ ጎያ ጓያ የሚታደላቸውን ችግረኞች በኅትመት ሥዕሉ አስቀርቷቸዋል። (የሠዓሊው ስምና የእህሉ ስም በአማርኛ መመሳሰሉ አጋጣሚ ነው፤ እኔም መጀመሪያ ሳነብ ፈገግ ብያለሁ።) በህንድ ስሊማን የተባለ እንግሊዛዊ ሹም በ1830ዎቹ መባቻ ሰብል ከጠፋ በኋላ ወጣቶች እንዴት እግራቸውን እንዳጡ ጽፏል። በ1873 እ.ኤ.አ. ደግሞ አርናልዶ ካንታኒ የተባለ የኔፕልስ ሐኪም በሽታውን ከተክሉ የላቲን ስም አውጥቶ «ላቲሪዝም» አለው።

ከሁሉም የሚከብደኝ የቫፕኒያርካ ታሪክ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ በ1942 እ.ኤ.አ.፣ ሮማኒያውያን በዩክሬን ምድር ባቋቋሙት በዚህ የእስረኞች ካምፕ ለአይሁድ እስረኞች የፈረስ መኖ የነበረ ጓያ ይቀቀልላቸው ነበር። በጥቂት ወራት ውስጥ እስረኞቹ እግር ከዳቸው። ከእስረኞቹ አንዱ ዶክተር አርተር ኬስለር የተባለ ሐኪም ነበር። መሣሪያ የለው፣ ላቦራቶሪ የለው፤ በሽተኞቹን እየመረመረ ጥፋቱ ከምግቡ መሆኑን ደረሰበት፣ ምግቡ እንዲቀየርም ታገለ። ከጦርነቱ በኋላም የተሰበሩትን ሰዎች ለዓመታት ተከታትሏል። አንድ ሐኪም በባዶ እጁ፣ ምን በላችሁ ብሎ በመጠየቅ ብቻ ምን ያህል ሊደርስ እንደሚችል እኔ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

መርዙ ተለይቶ የታወቀው በ1964 እ.ኤ.አ. ነው፤ የህንድ ተመራማሪዎች ከጓያ ፍሬ አንድ አሚኖ አሲድ አወጡ። ባጭሩ ኦዳፕ ይባላል። ኦዳፕ መልኩ በአንጎልና በአከርካሪ ውስጥ ነርቭ ከነርቭ መልእክት ከሚለዋወጥበት ግሉታሜት ከሚባለው ንጥረ ነገር ጋር ይመሳሰላል። ሰውነት ለይቶ አያውቀውም። በግሉታሜቱ ቦታ ገብቶ ነርቩን ያለ ዕረፍት ያነሣሣዋል፤ ነርቩም ሲነሣሣ ሲነሣሣ ይቃጠላል። በዚህ መካከል በሴሉ ውስጥ «ፍሪ ራዲካል» የሚባሉ፣ ያገኙትን ሁሉ እንደ ዝገት የሚበሉ የኦክሲጅን ቅንጣቶች ይበዛሉ። ሰውነት ይህን ዝገት የሚከላከልበት የራሱ ስንቅ አለው። ስንቁ የሚሠራው ግን ሰልፈር ካላቸው አሚኖ አሲዶች ነው፤ ጓያ ውስጥ ደግሞ እነዚህ በጣም ጥቂት ናቸው። ጓያ ብቻ የሚበላ ሰው መርዙን ይጨምራል፣ መከላከያውን ይቀንሳል፤ ሁለቱን በአንድ ጊዜ። ጤፍና ገብስ፣ ስንዴና በቆሎ ግን እነዚህን አሚኖ አሲዶች በተሻለ መጠን ይዘዋል።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። ጎንደር የጤና ኮሌጇን ያገኘችው በ1947 ዓ.ም. ነው፤ ለመመሥረቱ አንዱ ምክንያት ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ ደምቢያን የፈጀው የወባ ወረርሽኝ ነበር። ስለዚህ ደምቢያ ለእኛ ለሐኪሞቹ እንግዳ ምድር አይደለችም። ጓያን በተመለከተ ግን ጽሑፍ የመጣው ዘግይቶ ነው። በ1978 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያ ሜዲካል ጆርናል የጓያ ወረርሽኝ ዘገባ አወጣ። ከዚያ በ1990 እ.ኤ.አ. የነርቭ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ገጠር፣ በደምቢያና በፎገራ፣ ያደረጉት ጥናት ታተመ። ሆስፒታል ተቀምጠው በሽተኛ አልጠበቁም፤ ሕዝቡ ወዳለበት ሄደው ፈለጉ። የጓያ በሽተኛ ሆስፒታል አይመጣማ! ለምን ይመጣል? እንደማይድን ያውቃል፣ መንገዱን የሚሄድበት እግርም የለውም። ጥናቱ የጓያ በሽታ በዚህ አካባቢ ቀላል የማይባል የኅብረተሰብ ጤና ችግር መሆኑን ለዓለም አሳየ።

ዋናውን ምስክርነት የምናገኘው ግን ከደምቢያ ሳይሆን ከጎንደር በስተምሥራቅ ርቆ፣ በወሎ ደጋ ካለችው ከደላንታ ዳውንት ነው። በ1987 እና በ1989 ዓ.ም. መካከል እዚያ ትልቅ የጓያ ወረርሽኝ ተነሣ፤ በተከታታይ ዓመታት የተሰበሩት ከ2000 በላይ ሰዎች እንደሆኑ ተጽፏል። ዶክተር ኃይለየሱስ ጌታሁንና ባልደረቦቻቸው፣ ፕሮፌሰር ረዳንና የቤልጂጉን የጌንት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ፈርናንድ ላምቤንን ጨምሮ፣ ወረርሽኙን ላንሴት በተባለው ስመ ጥር የሕክምና መጽሔት በ1999 እ.ኤ.አ. አሳወቁ። የዶክተር ኃይለየሱስ ቡድን ቀጥሎ አንድ ብልህ ጥያቄ ጠየቀ። በአንድ መንደር ሁሉም ጓያ በልቷል። ታዲያ አንዱ ተሰብሮ ሌላው ለምን ተረፈ?

የተሰበሩትንና ያልተሰበሩትን ጎን ለጎን አድርገው ጓያውን እንዴት አድርገው እንደበሉት ጠየቁ። መልሱ በ2003 እና በ2005 እ.ኤ.አ. ታተመ፤ ለእኔ እስካሁን ከኢትዮጵያ ከወጡ የሕክምና ጥናቶች ሁሉ ልቤን ከሚነኩት አንዱ ነው፤ ምክንያቱም የሚናገረው ስለ እናቶቻችን ማጀት ነው። ጓያን በንፍሮ፣ በቆሎና በጥሬ እሸት የበሉት ሰዎች የበለጠ ተሰብረዋል። ቦክቶ በተጋገረ እንጀራ፣ በቂጣና በወጥ የበሉት ላይ ያ ጭማሪ አልታየም። ጓያውን ከሌላ እህል ጋር ቀላቅለው የበሉት ተጠብቀዋል። ደግሞም አንቲኦክሲደንትነት ያላቸው ማጣፈጫዎች፣ ማለትም እንደ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ያሉት፣ በገቡበት ወጥ ያባሉት ከሌሎቹ ያነሰ አደጋ ደርሶባቸዋል።

ቅድም ያዙልኝ ያልኳችሁን አስታወሳችሁ? ማሳ የሚውለው ወጣት የሚበላው እሸትና ቆሎ ነው። ቤት የምትውለው እናት የምትበላው ከምጣዱና ከድስቱ ነው። ወንዶቹ ለምን በበለጠ እንደሚሰበሩ ሙሉ ማብራሪያ ነው አልልም፤ ግን የምክንያቱ አንድ ክፍል እዚህ ሳይኖር አይቀርም ብዬ አስባለሁ። የገጠሩ ሰው «ማሳው ነው የሚሰብረው» ያለው እንግዲህ ከእውነቱ ብዙ አልራቀም።

እዚህ ላይ ነው ፖሊፊኖል የሚገባው። ፖሊፊኖል የአንድ ነገር ስም አይደለም፤ ዕፅዋት ራሳቸውን ከፀሐይና ከተባይ ለመከላከል የሚሠሯቸው የሺህ ዓይነት ንጥረ ነገሮች የወል ስም ነው። የሻይ መራራነት፣ የቡና ምሬት ከፊሉ፣ የቀይ ሽንኩርት ቀለም ከእነዚህ ነው። ሽንኩርት ውስጥ በብዛት ያለው ኩዌርሴቲን ይባላል፤ በ100 ግራም ውስጥ በአሥራዎቹ የሚቆጠር ሚሊ ግራም ይገኛል። የዝንጅብል ማቃጠል ጂንጀሮል ከሚባል ፊኖላዊ ንጥረ ነገር ነው። ነጭ ሽንኩርት ግን ጉልበቱ ባብዛኛው ከሰልፈር ውሕዶች ነው። እንግዲህ ቁሌት ስናቁላላ፣ ሽንኩርቱን አቅልተን ነጭ ሽንኩርቱንና ዝንጅብሉን ስንጨምር፣ ሳናውቀው ዝገት የሚከላከሉ ነገሮችን ድስት ውስጥ እየሰበሰብን ነው።

ታዲያ ሽንኩርት የጓያ መድኃኒት ነው ማለት ነው? አይደለም። ይህን በግልጽ መናገር አለብኝ፤ ምክንያቱም እንክብል ሻጮች ጥናቱን ቢያገኙት ነገ «በላንሴት የተረጋገጠ» ብለው ይለጥፉበታል።

በዚያ ወረርሽኝ ዘመን ወጥ የሠራ ቤት ምን ያለው ቤት ነው? ሽንኩርት የሚገዛበት ሳንቲም ያለው፣ እንጨት ያለው፣ ውኃ ቀድታ የምትመጣ ጤነኛ ሴት ያለችበት ቤት ነው። ሊጥ ለማቡካት የሚበቃ ጊዜም እህልም ያለው ነው። ንፍሮና ቆሎ የሚበላው ደግሞ ያ ሁሉ የተሟጠጠበት ነው። ስለዚህ ያዳነው ሽንኩርቱ ነው ወይስ ሽንኩርት መግዛት መቻሉ? ተመራማሪዎች ይህን በስሌት ለመለየት ይጥራሉ፤ ሙሉ በሙሉ መለየት ግን አይቻልም። በሌላ በኩል የመርዙን አሠራር ስናይ አንቲኦክሲደንቶች ይረዳሉ የሚለው ሐሳብ ውኃ ያነሣል። የእኔ ግምት ሁለቱም እውነት ነው የሚል ነው። ከሁሉ የጠነከረው መከላከያ ግን የእህል ቅልቅሉ ነው፤ የዕርዳታ እህል ለጓያ አገር ሲላክ ረሃብ ማስታገሻ ብቻ ሳይሆን የእግር መድኅን የሚሆነውም ለዚህ ነው። ዘግይቶ ከደረሰ ግን የተሰበረውን አይጠግንም።

በ2016 ዓ.ም. በጃናሞራ፣ በበየዳና በጠለምት ድርቅ መጥቶ የሰው ሕይወት ሲጠፋ እኔ ስለ ጓያ ሳስብ ነበር። እነዚያ ከፍታዎች ራሳቸው የጓያ ምድር አይደሉም። ሆኖም ደጋው ሲራብ ሰው ወደ ወይና ደጋው ይወርዳል፣ በርካሹ እህል ይሸምታል፤ በርካሽ ከሚገኙት ጥራጥሬዎች አንዱ ደግሞ ጓያ ነው። ይህም የሆነው የአንድ ኪሎ ሽንኩርት ዋጋ ከተማ ውስጥ መቶ ብር ባለፈበት ጊዜ አካባቢ ነው። ከመርዙ ያስጥላል ያልነው ነገር ችግር ሲመጣ መጀመሪያ ከድስቱ የሚወጣው ነው። ፎገራ ዛሬ ከአገራችን ዋና ዋና የሽንኩርት አምራቾች አንዷ መሆኗንም አትርሱ፤ ጓያውም ሽንኩርቱም አንድ ሜዳ ላይ ይበቅላሉ፤ ሽንኩርቱ ግን በመኪና ተጭኖ ይሄዳል።

አሁን ስለ እንክብሉ። በ1936 እ.ኤ.አ. ቫይታሚን ሲን ያገኘው ሃንጋሪያዊ ሳይንቲስት አልበርት ሴንት ጆርጂ ከሎሚ ያወጣቸውን ፖሊፊኖሎች አዲስ ቫይታሚን መስለውት «ቫይታሚን ፒ» አላቸው። የኩዌርሴቲን ቤተሰቦች ናቸው። በኋላ ሲጣራ ሰው ያለ እነሱ የሚታመም ሆኖ አልተገኘም፤ ስሙም በ1950ዎቹ ተተወ። ከዚያ ወዲህ በሴልና በአይጥ ላይ የተሠራው ጥናት ተራራ ያህላል፤ አይጡ መርዝ ይሰጠዋል፣ ፖሊፊኖልም ይሰጠዋል፣ ጉበቱ ይተርፋል። በሰው ላይ ግን ይህ እምብዛም አልተደገመም። አንዱ ምክንያት አንጀታችን ከፖሊፊኖል ጥቂቱን ብቻ ማስገባቱ፣ ጉበታችንም የገባውን ወዲያው መለዋወጡ ነው።

ሌላም ነገር አለ። ከዕፅዋት መምጣት ማለት ደኅና መሆን ማለት አይደለም። ይህን ለጎንደር ሰው መንገር አያስፈልግም፣ ኮሶን እናውቃለንና። ጄምስ ብሩስ በ1770 እ.ኤ.አ. ጎንደር ገብቶ ስለ ኮሶ ለአውሮፓ ጽፏል፤ ዛፉንም በወዳጁ በጆሴፍ ባንክስ ስም ሰይሞት ነበር። የኮሶ ትል ገዳይ ንጥረ ነገሮች ራሳቸው ፊኖላዊ ናቸው። ትሉን ይገድላሉ፤ መጠኑ ሲበዛ ደግሞ ዓይን እስከማጥፋት ይደርሳሉ። ያው ቤተሰብ ነው። በዘመናችንም የአረንጓዴ ሻይ ጭማቂ በእንክብል ተጨምቆ ሲሸጥ ጉበት የጎዳባቸው ሰዎች አሉ፤ በእርድ እንክብልም በጣሊያንና በአሜሪካ የጉበት ጉዳት ተመዝግቧል። ወጥ ውስጥ የምንጨምረው እርድ እንዲህ አያደርግም፣ ሻያችንም አያደርግም። ልዩነቱ መጠኑ ነው፤ የኩዌርሴቲን አንድ እንክብል ብዙ ጊዜ 500 ሚሊ ግራም ነው፣ ይህም የኪሎዎች ሽንኩርት ያህል ማለት ነው። ለጉበት፣ ለኩላሊት ወይም ለደም ማቅጠኛ መድኃኒት የምትወስዱ በተለይ ተጠንቀቁ። «ዲቶክስ» የሚባለውን ሥራ የሚሠራው ጉበታችሁና ኩላሊታችሁ ነው፤ ደመወዝም አይጠይቁም።

ወደ ጓያ ልመለስና ለምትጠይቁኝ ሁሉ በተግባር የምላችሁን ልጻፍ። ከተማ ላይ ሆናችሁ ሽሮ ውስጥ ትንሽ ጓያ ገብቶ ቢሆን አትሸበሩ፤ የተለያየ ምግብ የሚበላ ሰው በዚህ አይሰበርም። ገጠር ላሉ ቤተሰቦቻችሁ ስትደውሉ ግን ዘንድሮ ምን እየበሉ እንደሆነ ጠይቁ። ጓያ ዋና ቀለባቸው ከሆነ ከእኩል በላይ ሌላ እህል እንዲቀላቅሉበት፣ ካልተቻለም ያገኙትን ያህል እንዲጨምሩበት ንገሯቸው። ኦዳፕ በውኃ ይሟሟል። ስለዚህ ፍሬውን በብዙ ውኃ፣ ቢቻል በሙቅ ውኃ፣ ዘፍዝፎ ማሳደርና ውኃውን መድፋት፣ እንደገናም መድገም፣ የመርዙን ብዙ ክፍል ያወጣል። ውኃው መደፋት አለበት፤ ንፍሮ ተቀቅሎ ከነውኃው ከተበላ ጥቅም የለውም። አውቃለሁ፣ አንድ እንስራ ውኃ ለመቅዳት አንድ ሰዓት የምትሄድ ሴት ውኃ ድፊ ስትባል ምን እንደሚሰማት። ቢሆንም ከልጇ እግር አይበልጥም፤ ይህንንም እንደ ትእዛዝ ሳይሆን ምክንያቱን አስረድታችሁ ንገሯት።

እሸቱንና ቆሎውን ማሳ ለሚውሉት ልጆች አታስይዙ። ምሳቸው ቂጣ ወይም እንጀራ ይሁን።

መከልከል መፍትሔ ይሆን ነበር የምትሉ ካላችሁ፣ ህንድ በ1961 እ.ኤ.አ. ከጥቂት ግዛቶች በስተቀር ሽያጩን ከልክላ ነበር፤ ገበሬው ግን መዝራቱን አልተወም፤ የተራበ ሰው በሕግ አይጠግብም። የተሻለው መንገድ ዘሩን መቀየር ነው። የደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል «ዋሴ» የተባለ፣ ኦዳፑ አነስተኛ የሆነ የጓያ ዝርያ በ1998 ዓ.ም. አካባቢ አውጥቷል። አነስተኛ ማለት ግን ባዶ ማለት አይደለም። ከጎረቤት ማሳ ካለው ጓያ ጋር ከተዳቀለ ደግሞ መርዙ ቀስ በቀስ ሊመለስ ስለሚችል ዘሩን በየጊዜው ማደስ ያስፈልጋል። በአካባቢያችሁ የግብርና ባለሙያ ካለ ጠይቁት።

በመጨረሻም፣ በቤታችሁ እግሩ የተገተረ ሰው ካለ። የጓያ በሽታ ራሱ የሚያድን መድኃኒት የለውም፤ ግን የጡንቻ መገተርን የሚያላሉ መድኃኒቶችና ፊዚዮቴራፒ ከሁለት ዱላ ወደ አንድ ዱላ ሊያወርዱ ይችላሉ፤ ጓያውን ወዲያውኑ ማቆምም ሕመሙ ባለበት እንዲቆም ያደርጋል። ከሁሉ በፊት ግን «ጓያ ነው» ብላችሁ ቤት አታስቀምጡት። የአከርካሪ ቲቢ፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ ኤችአይቪና በአከርካሪ ላይ የሚወጣ ዕጢ ከሩቅ ሲያዩአቸው ተመሳሳይ አረማመድ ያመጣሉ፤ እነዚህ ደግሞ ብዙዎቹ ይታከማሉ። የጀርባ ሕመም፣ ትኩሳት፣ ክብደት መቀነስ፣ ሽንት መቆጣጠር አለመቻል፣ ወይም እግር ላይ ስሜት ማጣት ካለ ጓያ አይደለም ብላችሁ ጠርጥሩ፤ በዚያው ሳምንት ሆስፒታል አድርሱት። ሐኪሙ ባይጠይቃችሁም ምን ሲበላ እንደከረመ እናንተው ንገሩት።